መዋጥ፦ በአንድ ሰከንድ የሚያልቅ የአንጎል ሥራ

ምግብ ከአፍ ወደ ሆድ የሚወርደው መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ምንጭ ዳር በደረቱ ተኝቶ፣ አፉን ዝቅ አድርጎ የሚጠጣ ሰው ጨጓራው ከአፉ ከፍ ብሎ ሳለ ውሃው ያለ ችግር ይደርሰዋል። ክብደት በማይሰማበት ጠፈር ምግብ ጉሮሮ ላይ ይቀር ይሆናል የሚለው ስጋትም የተወገደው እ.ኤ.አ. በ1961 ሶቪየታዊው ጌርማን ቲቶቭ፣ በ1962 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ግሌን ምድርን እየዞሩ ሲበሉ ነው። መዋጥ እንግዲህ ጡንቻዎች የሚሠሩት፣ ነርቮች የሚመሩት ሥራ ነው። ከጡንቻዎቹ ጉልበት ይልቅ ደግሞ የሚበልጠው ተራቸውን መጠበቃቸው ነው። ይህን ባለመረዳታችን ጥፋቱን ከማይገባው ቦታ እንፈልጋለን፤ በዚህም ሰው ይጎዳል።

ምላስ የታኘከውንና በምራቅ የራሰውን ጉርሻ ላንቃ ላይ ተጭኖ ወደ ኋላ ይገፋዋል። እስከዚህ ድረስ ሥራው በፈቃዳችን ነው፤ ብንፈልግ መልሰን መትፋት እንችላለን። ጉርሻው ወደ ጉሮሮ ካለፈ ግን ትእዛዙ ከእጃችን ይወጣል። አንጎል ከህብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት ግንድ ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ሥራውን ይረከባሉ፤ ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 5ቱ መልእክት እየተቀበሉና እያደረሱ ከ20 በላይ ጥንድ ጡንቻዎችን በየተራ ያንቀሳቅሳሉ። ለስላሳው ላንቃ ከእንጥሉ ጋር ተነስቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳባል፤ ጣትዎን አንገትዎ ላይ አሳርፈው ምራቅዎን ቢውጡ ከፍ ሲል ይሰማዎታል። በውስጡ ያሉት የድምፅ አውታሮች ገጥመው የአየር ቧንቧውን ይዘጋሉ፤ ትንፋሽም ለአፍታ ይቆማል። ተኮማትሮ የሚቆየው የምግብ ቧንቧ አናት በዚሁ ቅጽበት ይላላና ማንቁርቱ ሲሳብ አብሮ ይከፈታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ትንፋሽ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ወደ ውጭ የሚወጣው አየር ነው፤ ደጃፉ ላይ የቀረ ፍርፋሪ ቢኖር ወደ ሳንባ አይሳብም። የቀረው ጉዞ ረጋ ያለ ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የምግብ ቧንቧ ከላይ ወደ ታች እየተኮማተረ ጉርሻውን ጨጓራ ያደርሰዋል።

በትምህርት ቤት የተማርነው ሌላ ነው የሚል ይኖራል፤ የአየር ቧንቧን የሚጠብቀው የማንቁርት ክዳን ነው ተብለናልና። ክዳኑ በእርግጥ አለ፣ ጉርሻው ሲያልፍም ወደ ኋላ ይታጠፋል። ሆኖም በካንሰር ምክንያት ይህ ክዳን በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከልምምድ በኋላ ትን ሳይላቸው መብላት ይችላሉ። የአንጎሉ ግንድ በስትሮክ የተጎዳ ሰው ግን ክዳኑም ላንቃውም ምላሱም በቦታው እያለ የገዛ ምራቁን መዋጥ ሊያቅተው ይችላል። ውሃም ይህንኑ ይመሰክራል። በአርሲና በባሌ በብዛት እንደሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር መንገዱን የሚያጠብ በሽታ መጀመሪያ የሚያስቸግረው በጠጣር ምግብ ነው። ነርቩ የታወከበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ትን የሚለው በውሃ ነው፤ ውሃ ፈጣን ስለሆነ ማንቁርቱ ሳይዘጋ ይቀድመዋል።

ታዲያ ይህን ያህል አደጋ ያለበት መንገድ ለምን የጋራ ሆነ? ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ፣ የምንውጠው ሁሉ በአየር ቧንቧ አፍ ላይ ማለፉን እንደ እንግዳ ነገር አንስቶታል። ምክንያቱ ከፅንሱ ይታያል፦ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ሳንባ የሚበቅለው ከዚያው ከምግቡ መንገድ ላይ ነው። የሁለቱ መገናኛ ዕድሜ ልክ ስለሚቀር ጥበቃው የተጣለው በነርቮቹ ላይ ነው። ፅንሱም ሥራውን የሚጀምረው ሳይወለድ፣ በ3ኛው ወር ገደማ የእንሽርት ውሃ በመዋጥ ነው።

በአገራችን ብዙ ቦታ ግን ጥፋተኛ የሚደረገው እንጥል ነው። አብጦ ሕፃኑን ያንቀዋል፣ ጡት ይከለክለዋል ተብሎ ይቆረጣል። ቆርጠን ልጁ ዳነ የሚሉ ወላጆች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ነገር ግን አብዛኛው የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም እንጥል ቢቆረጥም ባይቆረጥም በጥቂት ቀናት ይለቃል። ምላጩ የሚያመጣው የደም መፍሰስና ቁስሉ የሚያስከትለው መንጋጋ ቆልፍ ግን ይገድላል። እንጥል በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ላንቃን ተከትሎ የሚነሳ ትንሽ አካል ነው፤ ሕፃን መጥባት ካቃተው መወሰድ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ራሱን ለሳተ ሰው ጉሮሮው ይርጠብ ብሎ ውሃ ማፍሰስም ከዚሁ ስህተት ይመነጫል። ማጠጣት ደግነት መሆኑ አይካድም፤ ጥማት ያሠቃያል። ግን ትእዛዝ የሚሰጠው አካል በደከመበት ሰዓት ውሃው የሚሄደው ወደ ሳንባ ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምችም ያመጣል። ካልሳለ ደህና ነው ማለትም አይቻልም፤ የጉሮሮ ስሜቱ የጠፋ ሕመምተኛ ውሃ ሳንባው ገብቶ እንኳ ላይስል ይችላል። ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ አስተኝተው ሐኪም ይጥሩ። ስትሮክ የያዘው ሰው ደግሞ ነቅቶ ቢናገርም እንኳ፣ መዋጡ በባለሙያ ሳይፈተሽ ውሃም፣ ምግብም፣ ኪኒንም በአፉ አይስጡት።