የጋራ ኮምፒውተር ስንጠቀም፦ ስለ ቴይልስ አጭር ማብራሪያ



ሰኔ 2012 ዓ.ም የሕዳሴ ግድባችን የመጀመሪያ የውኃ ሙሌት ሲቃረብ፣ ኢንሳ መነሻቸው ግብፅ የሆነ የሳይበር ጥቃቶችን ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ጉዳዩ የትላልቅ ተቋማት ብቻ ይመስለናል። የራሳችንን በር ግን ብዙ ጊዜ ራሳችን ክፍት ትተነው እንሄዳለን።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን አሳይመንት ሊያሳትም ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ቴሌግራሙን በቤቱ ኮምፒውተር ከፈተ። ሳይዘጋው ወጣ። ማታ ለጓደኞቹ በእሱ ስም «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ደረሳቸው፤ ሁለቱ ላኩ። ከገንዘቡ በላይ የከበደው ሰዎች አምነው የነገሩትን ሁሉ ሌላ ሰው ማንበቡ ነበር። ሱረቱል ሑጁራት (49፡12) የሰውን ጓዳ መሰለልን ይከለክላል፤ የተሰጠንን አደራ መጠበቅ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ቴይልስ ምንድን ነው?

በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝ ሲስተም ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አይጫንም፤ ከፍላሽ ይነሳል። የሚሠራው በራም ላይ ስለሆነ በዊንዶውሱ ውስጥ ያለ ቫይረስ አይደርስበትም፤ ስናጠፋውም የከፈትናቸው ገጾችና ያስገባናቸው ፓስወርዶች አብረው ይጠፋሉ። እንዲቆይልን የምንፈልገውን ፋይል በፍላሹ ላይ በፓስወርድ በተቆለፈ ክፍል ማስቀመጥ እንችላለን።

ኢንተርኔቱ የሚያልፈው በቶር ነው። መረጃው ተመስጥሮ 3 ሰርቨሮች ይቀባበሉታል፤ የመጀመሪያው ከየት እንደመጣን፣ የመጨረሻው ወዴት እንደምንሄድ ያውቃል፤ ሁለቱንም የሚያውቅ የለም። የዋይፋዩ ባለቤት ቶር መጠቀማችንን ሊያይ ይችላል፤ የከፈትነውን ገጽ ግን አያይም።

እንዴት እንጀምር?

• ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽና 3 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል። በስልክ አይሠራም።
• ሲጫን በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድመን እንገልብጥ።
• ፋይሉ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ሌሊት ማውረድ ይሻላል፤ ከራሱ ከቴይልስ ድረ ገጽ ብቻ። አንዱ ካወረደ የሚያምኑት ጓደኞቹ ከእሱ ፍላሽ ወደ ራሳቸው ማባዛት ይችላሉ።
• ኮምፒውተሩ ሲነሳ በዴልና በሌኖቮ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ተጭነን ፍላሹን እንመርጣለን። በላብ ወይም በላይብረሪ ከሆነ ኃላፊውን አስቀድመን እናስፈቅድ።
• ቶር እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን ታግዶ ነበር። አልገናኝ ካለ «ብሪጅ» የሚለውን አማራጭ እንሞክር።

የማይሠራልን ነገር

ቶር ዘገምተኛ ነው፤ ለቪዲዮ አይመችም። በስማችን አካውንት ከገባን ማንነታችንን ራሳችን ተናግረናል። ለተጭበረበረ ሊንክ ፓስወርዳችንን ከሰጠን ቴይልስ አያስመልስልንም። ኪቦርዱ ላይ የተሰካ መቅረጫ ካለም አያቆመውም።

ፍላሽ እስክናገኝ ድረስ ግን ዛሬውኑ የምንሠራው አለ። የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተን የማናውቀውን ኮምፒውተር ሁሉ እናስወጣ። ያ ወንድማችን ሲከፍተው የፎቶ ኮፒ ቤቱን ኮምፒውተር እዚያው ተዘርዝሮ አግኝቶታል።

አላህ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም!