ኮርቲሶል ስታስለኩ ሰዓቱ ይጻፍ

ላብራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ የሚያውቁ የጎጆ ከተማ ዘመዶቼና ወዳጆቼ አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ጭንቀቴ በደም ምርመራ ይታወቃል ወይ?» መልሱን እዚህ ልጻፈው።

በደም የሚለካው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ነው። ከኩላሊታችን አናት ላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ያመነጩታል። ስንደነግጥ ወይም ስንታመም ይጨምራል፤ ምንም ባያስጨንቀንም ግን በየቀኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠዋት ስንነቃ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከሁሉም ዝቅ ይላል። በብዙ ላብራቶሪዎች የጠዋቱ ጤናማ መጠን በዴሲሊትር ከ5 እስከ 25 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን ሲመሽ ከዚያ በግማሽና ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ሰዓቱ ያልተጻፈበት ውጤት ለሐኪሙ ብዙም አይጠቅመውም።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የውጭ መመሪያ «8 ሰዓት ላይ ይቀዳ» ሲል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ታካሚው ከቀኑ 8 ሰዓት ቢመጣ ቁጥሩ ወርዶ ጤነኛው ሰው በሽተኛ ሊመስል ይችላል።

ምርመራው በየጤና ጣቢያው አይሠራም። ደስ የሚለው ግን ኮርቲሶል ቶሎ አይበላሽም፤ ደሙ ከረጋ በኋላ በሴንትሪፊውጅ ተሽከርክሮ ሲረሙ ከተለየና በቅዝቃዜ ከተያዘ ከጎጆ በጊንጪ አድርጎ አዲስ አበባ መድረስ ይችላል።

የላብራቶሪው ማሽን ኮርቲሶልን የሚያውቀው በፀረ እንግዳ አካል ነው። የዚህን ዘዴ መሠረት የጣለችው ሮዛሊን ያሎው በ1977 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልማበታለች። ሆኖም ማሽኑ ይታለላል፦ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ከኮርቲሶል ጋር ስለሚመሳሰል ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ሌላው ስቴሮይድ ዴክሳሜታሶን በተቃራኒው ዕጢውን ያስተኛዋል። ለፊት ማቅያ የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶችም፣ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ፣ እንዲሁ ያደርጋሉ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ደግሞ ሆርሞኑን ተሸካሚ ፕሮቲን ስለሚያበዛ ቁጥሩን ያለ በሽታ ያንረዋል።

ታዲያ ማን ይለካ? እኔ የምሰጋው ለተጨነቀው ሳይሆን ክብደቱ እየቀነሰ፣ ቆዳው እየጠቆረ፣ ሲነሳ እያዞረው፣ ጨው ጨው እያሰኘው ላለው ሰው ነው። ቶማስ አዲሰን ይህን ሕመም በ1855 እ.ኤ.አ. ሲገልጽ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ዕጢያቸው በሳንባ ነቀርሳ የተጎዳ ነበር። ነቀርሳ ዛሬም አብሮን ስላለ በኛ አካባቢ ይህን መርሳት አይገባም። የጠዋቱ ውጤት ከ3 በታች ከሆነ ዕጢው መድከሙን አጥብቆ ያመለክታል፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ስቴሮይድ ለሳምንታት ወስዶ በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰውም እዚሁ አደጋ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ጭንቀት እንቅልፍ የነሳችሁ ግን ገንዘባችሁን ለዚህ ምርመራ አታውጡ። አንድ የኮርቲሶል ቁጥር የሐሳባችሁን ክብደት አይመዝንም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሩ። ሐኪም ካዘዘላችሁ ደግሞ በጠዋት ሂዱ፤ ሰዓቱ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ተብሎ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ ክኒንም ይሁን መርፌ ወይም ቅባት፣ ሳትደብቁ ንገሩ።