ስደተኛዪቱ እናትና ልጅዋ

በአገራችን አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፥ ማርያም» እያለ ይለምንላታል፤ በሰላም በተገላገለች ጊዜም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ገንፎ ይቀርብላታል። ይህ መልካም ልማድ ግን ለእንጀራ ስትል ባሕር ተሻግራ፥ በዐረብ አገር በሰው ቤት ለምታገለግለው እኅታችን አይደርሳትም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የወደድነው፥ በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩ ሁለት እናቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

በሳዑዲ ዐረቢያም ሆነ በኩዌት የአገሩ ተወላጅ የሆነችው እመቤት በፀነሰች ጊዜ በመንግሥት ሐኪም ቤት ያለ ክፍያ ትመረመራለች፤ ያለ ክፍያም ትወልዳለች። የእርስዋን ሕፃን አቅፋ የምታሳድገው ሠራተኛ ግን የመኖሪያ ፈቃድዋ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፥ ያለ እርሱ ፈቃድ ከቤት ለመውጣት እንኳ ብዙ ጊዜ ትቸገራለች። ከአገርዋ ከመነሣትዋ አስቀድሞ በሚደረገው የጤና ምርመራ ነፍሰ ጡር ሆና ብትገኝ ጉዞዋ ይቀራል፤ እዚያ ደርሳ ብትፀንስ ደግሞ ሥራዋን የማጣት ሥጋት ይጠብቃታል። ከአሠሪዋ ቤት ከወጣችም ያለ ፈቃድ እንደምትኖር ተቆጥራ ልትያዝ ትችላለች።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። በሳዑዲ ዐረቢያ፥ በኩዌትና በኳታር ያለ ጋብቻ የሚደረግ ግንኙነት በሕግ የሚያስቀጣ ነውና፥ የጋብቻ ማስረጃ የሌላት ነፍሰ ጡር ወደ ሐኪም ቤት መሄድን ወደ ወኅኒ ቤት እንደ መሄድ ትቆጥረዋለች። ተደፍራ የፀነሰችውም ብትሆን እንዲሁ ትፈራለች። የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ይህን ቅጣት አላልቶታል።

ፍርሃት የሚያስከፍለውን ዋጋ አዋላጆች ያውቁታል። በእርግዝና ወራት የሚነሣ የደም ግፊት በጊዜው ካልታወቀ እናቲቱን እስከ ማንዘፍዘፍ ያደርሳታል፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምም ሐኪም ካልደረሰበት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። በስውር የተወለደ ሕፃን ደግሞ የልደት ማስረጃ ስለማይኖረው፥ ክትባት ለማግኘትም ሆነ ወደ እናቱ አገር ለመግባት መንገዱ ይጠብበታል።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመለሰች ጊዜ፥ ከእነርሱ መካከል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የታቀፉ እናቶች ነበሩ። እንዲህ ያለችው እናት ዛሬም ትመለሳለች። የላከችውን ገንዘብ በደስታ ሲቀበል የኖረ ቤተሰብ፥ ልጅ ታቅፋ ስትመጣ ደጁን ቢዘጋባት፥ በባዕድ አገር ያስጨነቃት ፍርሃት በገዛ ቤትዋ ይቀበላታል ማለት ነው። ከሰው ዐይን ለመሸሸግ ስትልም እዚህ እንኳ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ትቀራለች።

ክቡራን አንባብያን፥ የባዕድን አገር ሕግ ለመለወጥ ኀይላችን ትንሽ ነው፤ የቤታችንን ደጅ ለመክፈት ግን የሚከለክለን የለም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፥ የማዋለድ አገልግሎትና የሕፃናት ክትባት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ላመለጠው ሕፃንም ክትባቱ እንደ ዕድሜው ይሰጠዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፥ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። ቤተ ክርስቲያናችንም ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ በስደት ምክንያት ቀኑ ቢያልፍም ሕፃኑን ከጥምቀት አትከለክለውም። እመቤታችን ራስዋ ልጅዋን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደች እናት ናትና።

ስለዚህ እናንት ወላጆች፥ ልጃችሁ ከስደት ስትመለስ አስቀድማችሁ «የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁአት፤ «ተመርምረሻልን? ሕፃኑስ ተከትቧልን?» ብላችሁ ጠይቁአት፤ ጤና ጣቢያም አብራችኋት ሂዱ።