በፕሮፔን የሚሠሩ የተማሪዎች አውቶቡሶችና የመካኒኮቻቸው ሥልጠና

በአሜሪካ ተማሪ የሚያመላልሱት ቢጫ አውቶቡሶች አብዛኞቹ የናፍጣ ናቸው። የጭስ ደንቡ በመጥበቁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ የጥላሸት ማጣሪያ፣ ከ2010 ወዲህም የዩሪያ ፈሳሽ መርጫ ተጨምሯል። በየሰፈሩ እየቆመ አጭር መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ማጣሪያው በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ቶሎ ይደፈናል። የፕሮፔን ሞተር ሁለቱንም አይሻም። በአንጻሩ አንድ ጋሎን ፕሮፔን የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን ሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ትርፉን በጋሎን ዋጋ ብቻ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጋራዡ ነው። ፕሮፔን ለቤታችን ቡታጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፣ ግፊቱ ሲለቀው ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ጓንት ሳያጠልቅ ቱቦ የፈታ መካኒክ እጁን ብርድ ያቃጥለዋል። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ሽቅብ አይበንም፤ ወለል ለወለል ተጉዞ፣ መኪና ሥር ለመሥራት በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ለዓመታት በዚያ ጉድጓድ የናፍጣ ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ይህን ከልማዱ ሊያውቀው አይችልም፤ ናፍጣ በትንሽ ብልጭታ በቀላሉ አይያያዝምና። ጋዙ እንዲሸት መርካፕታን ይጨመርበታል፤ አፍንጫ ግን ይለምዳል። ስለዚህ ሠልጣኙ መጋጠሚያዎችን በሳሙና ውሃ መፈተሽን፣ መስመሩን ከመፍታቱ በፊት የታንኩን ቫልቭ ዘግቶ ግፊቱን ማስተንፈስን፣ ታንኩንም ከ80 በመቶ በላይ አለመሙላትን ይማራል። የናፍጣ ሞተር ስለሌለው፣ ካንዴላም ለብዙዎቹ አዲስ ትምህርት ነው።