ዓይን የሚቀበለው፣ አእምሮ የሚፈርደው፦ የእይታ አሠራርና የመነጽር አመጣጥ

ሰው እንዴት እንደሚያይ ለሚለው ጥያቄ የጥንት ሊቃውንት ከሰጧቸው መልሶች ዋነኛው ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ተቃራኒ ነበር። ዩክሊድና ቶለሚን የመሳሰሉት የሒሳብ ሰዎች ጨረር ከዓይን ወጥቶ የሚታየውን ነገር እንደሚነካ፣ ማየትም በዚሁ እንደሚፈጸም ያስተምሩ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከመሠረቱ የለወጠው በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል-ሀይሰም ሲሆን፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጻፈው «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው መጽሐፉ ብርሃን ከፀሐይ ወይም ከመብራት ተነሥቶ ነገሮችን ከመታ በኋላ ወደ ዓይን እንደሚገባ አስረድቷል። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ ብርቱ ብርሃን ላይ ያፈጠጠ ዓይን የሚታመም መሆኑ ነው። ከዚህም አልፎ የሚታየው ነገር ምን ያህል ትልቅና ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ የሚታወቀው በዓይን ብቻ ሳይሆን፣ ካለፈ ልምድ ጋር በሚያነጻጽር የአእምሮ ፍርድ መሆኑን ገልጿል። ማየት የዓይንና የአእምሮ የጋራ ሥራ ነው የሚለው ይህ ሐሳብ ቀጥሎ የሚነገረውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ነው።

ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ መጀመሪያ የሚያልፈው ኮርኒያ በተባለው ከፊት ባለ ጥርት ያለ ሽፋን ሲሆን፣ ብርሃኑን አጥፎ ወደ አንድ ነጥብ ከመሰብሰቡ ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚያከናውነውም እርሱ ነው። ቀሪውን የሚሠራው ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው የዓይን ሌንስ ነው፤ ይህ ሌንስ ቅርጹን መለወጥ ስለሚችል ሰው ወደ ቅርብ ሲያይ ይወፍራል፣ ወደ ሩቅ ሲያይ ይሳሳል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ብርሃን ሬቲና በተባለውና በዓይን የውስጥ ጀርባ ላይ በተነጠፈው ስስ ሽፋን ላይ የተገለበጠ ምስል ይሠራል፤ የእይታ ነርቭም መልእክቱን ወደ አእምሮ ይወስዳል።

የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ርዝመት በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ስለሚሰበሰብ የሩቁ ነገር ይደበዝዛል፤ ማዮፒያ የሚባለው የእይታ ችግር በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን ካጠረ ደግሞ ብርሃኑ የሚሰበሰበው ከሬቲና በስተኋላ ስለሚሆን በተለይ የቅርቡን ማየት ያስቸግራል፤ ይህም ሃይፐሮፒያ ይባላል። የኮርኒያው ጉብታ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሳይሆን ሲቀር የሚፈጠረው አስቲግማቲዝም በአንድ አቅጣጫ የተሰመረውን መሥመር አጥርቶ በሌላ አቅጣጫ የተሰመረውን ያደበዝዛል። ከእነዚህ የተለየው ፕሬስባዮፒያ ሲሆን፣ ዕድሜ ከ40 ዓመት ገደማ ሲያልፍ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ እንደ ቀድሞው መወፈር ስለሚያቅተው በመምህሩም በቄሱም በልብስ ሰፊውም ላይ ሳይለይ ይደርሳል፤ መጽሐፍን እያራቁ ማንበብና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ማቃት የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው።

ዓይን የሚያቀብለው ምስል ጉድለት ቢኖረውም አእምሮ ጉድለቱን ሸፍኖ የተሟላ ትዕይንት ያቀርባል። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሆነውን ዕውር ነጥብ በ1660ዎቹ ያገኘው ኤድም ማርዮት የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ነው። የእይታ ነርቭ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ስለሌሉ፣ በዚያ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ምስል አይታይም። ይህን ማንም ሰው በቤቱ ሊያረጋግጠው ይችላል፦ በነጭ ወረቀት ላይ በስተግራ የመስቀል ምልክት፣ ከእርሱ በስተቀኝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል፤ ግራ ዓይን ተሸፍኖ ቀኝ ዓይን መስቀሉ ላይ ብቻ እንዳተኮረ ወረቀቱ ከክንድ ርቀት ቀስ እያለ ወደ ፊት ሲቀርብ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ጥቁሩ ነጥብ ድንገት ይጠፋል። በቦታው የሚታየው ቀዳዳ ወይም ጨለማ ሳይሆን ነጭ ወረቀት ነው፤ አእምሮ በዙሪያው ያለውን ተመልክቶ ያልመጣለትን ክፍል በራሱ ግምት ሞልቶታል።

የእይታ ማታለያ የሚባሉትም ከዚሁ የአእምሮ ፍርድ የሚመነጩ ናቸው። ከአድማስ በላይ ብቅ ስትል ግዙፍ የምትመስለው ጨረቃ መሐል ሰማይ ላይ ስትደርስ ያነሰች ትመስላለች፤ ነገር ግን በተዘረጋ እጅ ላይ ያለች ትንሿ ጣት በሁለቱም ጊዜ ትሸፍናታለች፤ የተለወጠው የጨረቃ ስፋት ሳይሆን አእምሮ ስለ እርሷ የሚሰጠው ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኤድዋርድ አደልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ባዘጋጀው ሥዕል ላይ ደግሞ፣ በዳማ ሰሌዳ ላይ ጥላ ያረፈበት አንድ ካሬና ከጥላው ውጭ ያለ ሌላ ካሬ በትክክል አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሳለ፣ አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር መስለው ይታያሉ። አእምሮ ጥላ ነገሮችን እንደሚያጠቁር ስለሚያውቅ የጥላውን ድርሻ ቀንሶ ይፈርዳል፤ ይህ ልማዱ በሥዕሉ ላይ ቢያሳስተውም በዕለት ኑሮ ግን ነጩን ልብስ በጥላም በፀሐይም ነጭ አድርጎ እንዲያውቅ ያስችለዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማታለያ የጤነኛ እይታ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም፤ መነጽርም አያስቀረውም።

መነጽር የሚያቃናው የዓይንን ድርሻ ብቻ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰሜን ኢጣሊያ ነው። ጆርዳኖ ዳ ፒሳ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1306 በፍሎረንስ ባሰማው ስብከት፣ መነጽር የመሥራት ጥበብ ከተገኘ 20 ዓመት እንዳልሞላውና ጥበቡን ያገኘውን ሰው እርሱ ራሱ እንዳነጋገረው ተናግሯል፤ የሰውየውን ስም ግን አልጠቀሰም። በፒሳ የነበረው ገዳም ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ የመጀመሪያው ሠሪ ጥበቡን ለማካፈል ባለመፈለጉ አሌሳንድሮ ዴላ ስፒና የተባለ ሌላ መነኩሴ መነጽሩን አይቶ በራሱ ሠርቶታል፤ ዕውቀቱንም በደስታ ለሁሉ አዳርሷል። ያ መነጽር መሐላቸው ወፍሮ ጠርዛቸው የሚሳሳ፣ ኮንቬክስ የሚባሉ ሁለት ሌንሶች በችንካር ተያይዘው በእጅ የሚያዙበት ወይም አፍንጫ ላይ የሚቀመጡበት ሲሆን፣ የሚያገለግለውም በዕድሜ ምክንያት ማንበብ ያቃታቸውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1352 ቶማሶ ዳ ሞዴና በትሬቪሶ ከተማ የሣለው፣ መነጽር አድርጎ የሚጽፍ ካርዲናል ሥዕል መነጽርን ከሚያሳዩት ሥዕሎች ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነ ይታመናል።

ለማዮፒያ የሚሆነው፣ መሐሉ ሳስቶ ጠርዙ የሚወፍረው ኮንኬቭ ሌንስ የተስፋፋው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1462 የሚላኑ መስፍን ፍራንቼስኮ ስፎርዛ ከፍሎረንስ ሦስት ደርዘን መነጽሮች ሲያዝ፣ አንዱ ደርዘን ሩቁን ለማየት ለሚቸገሩ ወጣቶች የሚሆን እንዲሆን ጠይቋል። የሚያስደንቀው ግን ሠሪዎቹ መድኃኒቱን አግኝተው ምክንያቱን አለማወቃቸው ነው። ዮሐንስ ኬፕለር ምስል የሚሠራው በሬቲና ላይ መሆኑንና ሌንሶቹ ምስሉን ወደ ትክክለኛ ቦታው እንደሚመልሱት ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1604፣ መነጽር ከተፈጠረ ከ300 ዓመት በኋላ ነበር። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ክንድ ደግሞ የመጣው ከዚያም ዘግይቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለቅርብና ለሩቅ የሚሆኑ ሌንሶችን በአንድ ፍሬም አጣምሯል። እ.ኤ.አ. በ1825 ጆርጅ ኤሪ የገዛ ዓይኑን አስቲግማቲዝም ለማቃናት ሲሊንደራዊ ሌንስ አሠርቷል፤ በ1862 ሄርማን ስኔለን ዛሬም በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የሚታየውን፣ ፊደላቱ ከላይ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱበትን ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ በ1872 ደግሞ ፈርዲናንድ ሞኖዬ የሌንስን ኃይል መለኪያ ዳይኦፕተርን አቅርቧል። በዚህ መለኪያ መሠረት «ማይነስ 2» የታዘዘለት ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ይህን ያህል ዘመን ያስቆጠረ መድኃኒት ዛሬም ለብዙዎች አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 3.7 በመቶ የሚሆነው የእይታ ድክመት እንዳለበት ያመለከተ ሲሆን፣ ከዚህ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመነጽር ሊቃና የሚችል ነው። መነጽር ዓይንን ያደክማል፣ ልጅ ከለመደው አይለቀውም የሚለው ሥጋት ብዙ ወላጆችን ቢያዘገይም፣ ትክክለኛ መነጽር ዓይንን አያደክምም። እንዲያውም ጉዳት ያለው በመዘግየት ነው፤ የሕፃን አእምሮ ከአንዱ ዓይን የደበዘዘ ምስል ብቻ ሲደርሰው ያንን ዓይን ችላ ማለት ይለምዳል፣ አምብሊዮፒያ የሚባለውም ይኸው ነው። ሕክምናው ከ7 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲጀመር የተሻለ ውጤት ሲኖረው፣ ካለፈ በኋላ ግን ሌንሱ ምስሉን ቢያጠራውም አእምሮ ላያነበው ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳውን ለማየት የሚያጨናብስ፣ መጽሐፉን ከፊቱ የሚያስጠጋ ወይም አንገቱን አዘንብሎ የሚያይ ልጅ ያለው ቤተሰብና እንዲህ ያለውን ተማሪ የሚያውቅ መምህር ነገ ከማለት ይልቅ ዛሬውኑ ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰደው፤ ምልክት ያልታየበትም ልጅ ቢሆን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለቱም ዓይኖቹ በየተራ ሊመረመሩለት ይገባል።