የናይለን ምርት በሒሳብና በሚዛን

በዓመቱ መጀመሪያ የታቀደው ገቢና በዓመቱ መጨረሻ የተሰበሰበው ገቢ በመዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው እንደሚነጻጸሩ ከመሥሪያ ቤትዎ ያውቁታል። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሊገኝ የሚገባውን ምርት አስቀድመው ያሰላሉ፤ በሥራ የተገኘውን ይመዝናሉ፤ የተገኘውን ለተሰላው አካፍለው በ100 ያባዙታል። ምርቱ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ናይለንን እንውሰድ። አሜሪካዊው ዋላስ ካሮዘርስ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ሠራው፤ በ1938 ዓ.ም. የጥርስ ብሩሽ ፀጉር ሆኖ ለገበያ ወጣ። የሚሠራው ከአዲፒክ አሲድና ሄክሳሜቲሊን ዳይአሚን ከሚባል ነገር ነው። (ስሙ ረዘመ እንጂ ነገሩ አያስፈራም።) የሁለቱም ሞለኪውሎች በግራና በቀኝ እጅ እንዳላቸው ሰዎች ናቸው። የአሲዱ እጅ የዳይአሚኑን እጅ እየያዘ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ በተያያዙም ቁጥር አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል።

146 ግራም አሲድና 116 ግራም ዳይአሚን በሞለኪውል ቁጥር እኩል ናቸው። ድምሩ 262 ግራም ነው፤ ነገር ግን ይህን ያህል ናይለን መጠበቅ ስሕተት ይሆናል። 36 ግራም ያህሉ ውሃ ሆኖ ስለሚሄድ የሚጠበቀው 226 ግራም ብቻ ነው። ታጥቦና ደርቆ 192 ግራም ቢመዝን፣ ምርቱ ከመቶ 85 ያህል ሆነ ማለት ነው። ከመቶ በላይ ቢወጣ ግን ደስ አይበልዎ፤ ናይለኑ ገና እርጥብ ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም ሚዛን ክብደትን እንጂ የሰንሰለቱን ርዝመት አይናገርም። በካሮዘርስ ሒሳብ መሠረት፣ ከእጆቹ ከመቶ 95 ቢያያዙ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ በአማካይ 20 ሞለኪውሎች ብቻ ይገኛሉ፤ ከመቶ 99 ሲያያዙ 100 ይሆናሉ። በሌላ ሥራ ከመቶ 95 የሚያስመሰግን ውጤት ነው፤ ከዚህ ግን ጠንካራ ክር አይወጣም። ከሁለቱ አንዱ በጥቂቱ ቢተርፍም ሰንሰለቶቹ በሁለቱም ጫፍ የአንድ ወገን እጅ ብቻ ስለሚቀራቸው የሚይዛቸው ያጣሉ፤ እድገታቸውም ይቆማል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሁለቱን አስቀድመው አንድ ለአንድ የተጣመሩበት ጨው አድርገው ያዘጋጃሉ። ከዚያም እያሞቁ ውሃውን ያስወጣሉ፤ ውሃው ከቆየ የተያያዙት እጆች መልሰው ይላቀቃሉና።