ልጆቻችንና የአያቶቻቸው ኪታብ



በደሴ አቅራቢያ በምትገኘው በገራዶ፣ እንደ ሌሎቹ የወሎ ገጠሮች ሁሉ፣ ብዙ ልጅ ሁለት ትምህርት ቤት አለው። ግማሹን ቀን ደብተሩን ይዞ መደበኛ ትምህርት ቤት ይውላል፤ በተረፈው ሰዓት ሸሁ ዘንድ ቀርቶ ይመለሳል። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት የአፍሪካ ጥበብና ባህል ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀስለት የግብጽ ፒራሚድ፣ የምዕራብ አፍሪካ ጭምብል፣ የአክሱም ሐውልትና ላሊበላ ነው። ሁሉንም ማወቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሸሁ ዘንድ የሚይዘው ሉህ፣ በቤቱም በሳጥን የተቀመጠው የአያቱ ኪታብ የአፍሪካ ጥበብ መሆናቸውን ማን ነገረው? ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጥበብ ሲባል

አሁን በትምህርት ቤቶቻችን «የክወናና ዕይታዊ ጥበባት» የሚባል የትምህርት ዓይነት አለ። ስሙን ሲሰሙ «ልጄን ዘፈንና ምስል ሊያስተምሩብኝ ነው» ብለው የሚሰጉ ወላጆች አይታጡም። ስጋታቸውን አንንቅም። ይሁን እንጂ ከጥበብ መሸሽ መልስ አይሆንም። የሙስሊም አፍሪካ ጥበብ ጎልቶ የሚታየው በጽሕፈት፣ በመጽሐፍ ድጉሰት፣ በሽመና፣ በስፌትና በግንባታ ነው። ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የወረደው የመጀመሪያው ወሕይ ስለ ማንበብና ስለ ብዕር መሆኑን እያወቅን፣ ልጆቻችን የብዕርን ጥበብ ሳያውቁ ቢያድጉ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

ሳጥኑ ሲከፈት

እስቲ አንድ የቆየ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ከልጅ ጋር ሆነን እንመልከት። ቀለሙ ከጥላሸት፣ ከሙጫና ከውኃ የተበጠበጠ ሊሆን ይችላል፤ ብዕሩም መቃ ነው። ዋናው ቃል ከገጹ መካከል ይሰፍራል፤ ማብራሪያው በኅዳጉ ዙሪያ፣ አንዳንዴም አግድም ይጻፋል። ርእሱና ዋና ዋና ቃላቱ በቀይ ቀለም ይለያሉ። ከገጹ ግርጌ ለብቻዋ የተጻፈች አንዲት ቃል ትገኛለች። ይህች ቃል የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ናት፤ የገጽ ቁጥር በሌለበት ዘመን ቅጠሎቹ እንዳይዛነፉ የተዘየደች ብልሃት ናት። የቆዳው ሽፋንም ብዙ ጊዜ ታጥፎ የመጽሐፉን አፍ የሚከድን ምላስ አለው። ልጁ ይህን ሁሉ በዓይኑ ፈልጎ ቢያገኝ ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል የበለጠ ትምህርት ይሆነዋል።

ከዚህ የሚልቅ ግኝትም አለ። በወሎ ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው ግን አማርኛ የሆነ ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ዐጀሚ ይባላል። ዐረብኛ የሌለው እንደ «ጨ» እና «ኘ» ያለ የአማርኛ ድምፅ ሲያጋጥማቸው ሊቃውንቱ በነበሩት ፊደላት ላይ ነጥብ እየጨመሩ ይጽፉት ነበር። በዚህ ጽሕፈት ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ሸኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በታዘዘ ጊዜ፣ እኒህ ሸኽ ትእዛዙን ተቃውመው ታግለዋል። ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛም መንዙማ ደርሰዋል። እንግዲህ ከዚያ ዘመን የተረፈ ኪታብ ምን ያህል መከራ አልፎ ከእጃችን እንደ ደረሰ ልጆቻችን ሊያውቁ አይገባም ትላላችሁ?

ከገራዶ እስከ ቲምቡክቱ

ልጁ ይህን ከተረዳ በኋላ የአፍሪካን ካርታ እንዘርጋለት። በስዋሂሊ ጠረፍና በሐውሳ ምድርም ሕዝቡ ቋንቋውን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፍ ኖሯል። በዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ የሸኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ልጅ ናና አስማኡ (1793–1864 እ.ኤ.አ.) በዐረብኛ፣ በፉላኒና በሐውሳ ግጥም ትጽፍ ነበር፤ ሴቶች አስተማሪዎችን አሠልጥና ወደየመንደሩ ታሰማራ ነበር። ሴት ልጆቻችን ይህችን እናት ሊያውቋት ይገባል። በ2012 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች ቲምቡክቱን ሲይዙ የማሊ ሰዎች ኪታቦቻቸውን በሳጥን ከተው፣ በመኪናና በጀልባ አሽሽተው አትርፈዋል። በአገራችንም በሐረር አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ካሰባሰቡት ቅርስ የተቋቋመው ሙዚየም አለ፤ የእጅ ጽሑፎች ተጠብቀው የሚታዩበት ቦታ ነው። የሐረር ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጊዜ አይጠብቀንም

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ሆኖም ቅርስ የሚጠፋው በጦርነት ብቻ አይደለም። በጣሪያ ፍሳሽ፣ በምስጥና በአይጥም ያልቃል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ባለቤቱ ዋጋውን ሳያውቅ ለአላፊ አግዳሚ ሲሸጠው ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የሸጠው አባት ገንዘቡን በአንድ ገበያ ይጨርሰዋል፤ ልጁ ግን የአያቱን የእጅ ጽሑፍ ዳግመኛ አያየውም።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! ኪታቡን ከመሬት አንሡት፤ ከእርጥበትና ከጭስ አርቁት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ልጆቻችሁ እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው በፊታችሁ ይግለጡት። ማን ጻፈው? ከየት መጣ? ማን ቀራበት? የምታውቁትን ንገሯቸው፤ እነርሱም ይጻፉት። እናቶች የሞሰባቸውን ስፌት ሲያሳዩ ልጆች የጥለቱን መደጋገም ይቁጠሩ፤ ሒሳብም ጥበብም በአንድ ላይ ይማራሉ።

መምህራን ሆይ! አንድ ሸኽ ወደ ክፍል ጋብዛችሁ ብዕር እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ ያሳዩ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆችም የብራና መጽሐፋቸውን ታሪክ ያምጡ። ወሎ ሁለቱንም በጉያዋ ያሳደገች ምድር ናትና አንዱ የሌላውን ቅርስ አክብሮ ይማር።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ የእጅ ስልካችሁን ለዚህ አውሉት። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ያለ ብልጭታ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡ። ኪታቡ ግን ከቤቱ አይውጣ።

አላህ ዒልምን ከሚያከብሩ፣ የተረከቡትን አማና ጠብቀው ለልጆቻቸው ከሚያስረክቡ ያድርገን። አሚን።